ባለ ነጭ ክዳኑ ሾርባ

ቤዛዊት በየአርቡ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት የሾርባ ዕቃ ለለገሰ ትሰጠው ነበር። ሰማያዊ ክዳን ያለው የራሱ የለገሰ ነው። ነጭ ክዳን ያለው የአሮን ነው። እንዳይፈስ ሁለቱንም በአንድ ፌስታል አድርጋ አፉን ትቋጥረዋለች። ሁለቱ ወንዶች የሚያድሩት በአንድ ክፍል ስለሆነ ዕቃው በአንድ እጅ ቢሄድ ምንም ክፋት አልነበረውም። ለገሰ ግን ፌስታሉን በተቀበለ ቁጥር የሁለተኛው ዕቃ ክብደት ለብቻው ይሰማዋል።

ለገሰ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ኩዌት ከተማ፣ ሻርቅ ሰፈር ውስጥ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ አፓርታማ ጥበቃ፣ አረቦቹ እንደሚሉት ሐሪስ፣ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። ቤዛዊት ገና ሠላሳ አልሞላትም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሳባህ አል-ሳሌም በሚባል ሰፈር በአንድ ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ሊጋቡ ከተስማሙ ዓመት ሆኗቸዋል። በሰኔ አብረው አገር ገብተው፣ ደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረው ጨርሰዋል።

የለገሰን ልብ ያቆሰለው አንድ የቪዲዮ ስልክ ነው። ባለፈው ጥቅምት ቤዛዊት ከእናቷ ጋር ስታወራ ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው። ለገሰ ለአክብሮት ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለ። እናትየው የሚያበራውን አናቱን አዩና፣ "ልጄ፣ አባትሽ ቢኖር እኩያው ነበር" አሉ። በቀስታ የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ ስልኩ ግን ምንም አልደበቀም። ቤዛዊት ሳቀች። ለገሰም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ትራሱ ላይ የረገፈውን ፀጉር ያያል። እናትየው በሰኔ ይህን አናት በአካል ያዩታል፤ ያን ጊዜ ልጃቸውን ይመክሯታል፤ እሷም ትሰማቸዋለች። እንዲህ ነበር የሚያስበው።

ሾርባው ለለገሰ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቤዛዊት ማዳም ከወለደች ወዲህ ፀጉሯ በእፍኝ ይረግፍ፣ ፊቷም ማድያት ያወጣ ነበር። አንዲት ዘመዷ፣ የገዛሽውን ቅባት ሁሉ ጥለሽ ቅጠል ብዪ አለቻት። ቤዛዊት ከሐምሌ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ካሮት፣ ዝኩኒ፣ ቆስጣና ባሮ ሽንኩርት ቀቅላ ትፈጫለች፤ እሳቱን ካጠፋች በኋላ የድንብላል ቅጠል፣ ፐርስሊና ጀርጂር ከትፋ ትጨምርበታለች። ጀርጂር ኩዌቶች ለፀጉር የሚምሉበት፣ ሲያኝኩት ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ ቅጠል ነው። ውሃ ውስጥ ያደረ አብሽም አይቀርም። በአራተኛው ወር የማዳም ፊት ጠራ፤ በግንባሯ ዙሪያም እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ ለስላሳ ነገር በቀለ። ማዳም ደስ ብሏት፣ "ከድስቱ ለራስሽም ውሰጂ" አለች። ቤዛዊት ከድርሻዋ ለለገሰ አመጣችለት።

"ፀጉርህ ባይመለስ ፊትህ ይወዛል" አለችው። "አንተ መቼ ቅጠል በልተህ ታውቃለህ? ዳቦና ሻይ፣ ዳቦና ሻይ።"

ለገሰ ሳያዛንፍ በላ። እውነትም ፊቱ ለስለስ አለ፤ ብርድ ሲመጣ ይሰነጠቅ የነበረው ከንፈሩም ዳነ። አናቱ ግን እንዳበራ ቀረ።

አሮን የመጣው በታኅሣሥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እዚያው ሻርቅ በአንድ የቢሮ ሕንፃ ጽዳት ይሠራል። ማደሪያ አጥቶ ሲንከራተት፣ "ለሁለት ይበቃናል" ብሎ ክፍሉን ያካፈለው ራሱ ለገሰ ነበር። በረኪና የልጁን እጅ ልጦታል፤ ራሱ ላይም እንደ ሳንቲም የከበበ ላሽ ሦስት ቦታ ወጥቶበታል። ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ጸናጽል ይዞ ሲቆም ቤዛዊት እጁን አየችው።

"እጅህ ምን ሆነ፣ ወንድሜ?" ብላ ጠየቀችው ሲወጡ።

"ሥራ ነው፣ እህቴ።"

"ጓንት አይሰጧችሁም?"

"ይሰጡናል። የእኔ እጅ አይገባበትም እንጂ።"

በሚቀጥለው አርብ ባለ ነጭ ክዳኑ ዕቃ መጣ።

በሁለት ወር ውስጥ የአሮን እጅ ቆዳ ያዘ። ላሹ ላይ መጀመሪያ እንደ ጥላ ያለ ነገር ታየ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ ከዚያ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ የት እንደነበረ ጠፋ። ለገሰ ይህን ሁሉ ከአልጋው ላይ ሆኖ ተከታተለ። አሮን ጠዋት ሲያበጥር ማበጠሪያው ፀጉሩ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። የለገሰ ማበጠሪያ ድምፅ ማሰማት ካቆመ ቆይቷል።

ይህን ያየው እሱ ብቻ አልነበረም። የአምስተኛ ፎቅ ቤተሰብ ሾፌር የሆነው ዓማር፣ በር ላይ መኪና ሲያጥብ አፉ አያርፍም።

"ለገሰ፣ ሾርባው አንድ ድስት ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ፀጉሩ እዚያኛው ላይ ብቻ ለምን በቀለ? ወይስ ሴትዮዋ ስታማስል የምታስበው ይለያያል?"

"ሥራህን ሥራ።"

"እየሠራሁ ነው። ደግሞ ቆቡ ያምርብሃል፣ እሱን እንዳትተወው።"

ለገሰ ቀልድ መሆኑን አላጣውም። ቢሆንም "ስታማስል" የምትለዋ ቃል ደረጃውን ሲጠርግ አብራው ወጣች፣ አብራው ወረደች። ቤዛዊት ስትደውል ስለ እሱ ስንት ጊዜ፣ ስለ አሮን ስንት ጊዜ እንደጠየቀች መቁጠር ጀመረ። አንድ ቀን ሁለት ለአሮን፣ አንድ ለእሱ ሆነ። በዚያ ቀን ቶሎ ዘጋው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለገሰ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሐኪሙ ደም ማነስ ነው አለው፤ ሥጋ እንዲበላም አዘዘው። ቤዛዊት ለንስሐ አባታቸው ደውላ ነገረቻቸው። አባም፣ "ሕመምተኛ ነው፣ ይብላ፤ ሲሻለው ይጾማል" አሉ። በመጀመሪያው የጾም አርብ ፌስታሉን ስትሰጠው አስጠነቀቀችው።

"ሰማያዊው ያንተ ነው። የበግ አጥንት ቀቅዬ በመረቁ ነው የሠራሁት። ነጩ የአሮን ነው፤ የጾም ነው። ድስቱም ማማሰያውም ለየብቻ ነው። እንዳታሳስት።"

"ሕፃን ነኝ እንዴ?"

"ለማለት ነው። ልጁ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ሰው ነው።"

"ልጁ" ማለቷ ደስ ሊለው በተገባ ነበር። እሱ ግን የአሮንን የጾም ሰዓት እንዴት አወቀች ብሎ አሰበ።

ያን ዕለት ክፍላቸው ውስጥ ሁለቱም ዕቃቸውን ከፈቱ። የለገሰ ሾርባ ቀጠን ያለ፣ ላዩ ላይ የቅባት ዓይን የሚንሳፈፍበት ነበር። የአሮን ግን ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሽታው ክፍሉን ሞላው።

"ሰሊጥ ፈጭታ ጨምራበታለች" አለ አሮን። "ጾም ስለሆነ ጉልበት እንዲሰጠኝ ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ። እንዴት ያለች ሰው ናት።"

ለገሰ መረቁን እየጠጣ አሰበ። አጥንት ድስት ውስጥ ተጥሎ ይረሳል፤ እሳቱ ነው የሚሠራው። ሰሊጥ ግን ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ሰው ሰሊጥ ሲለቅም ተቀምጦ ነው፤ ተቀምጦም ስለ አንድ ሰው ያስባል። ሦስት አርብ በዚህ ሐሳብ ታገሠ።

በአራተኛው አርብ አሮን ለመዝሙር ጥናት ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ለገሰ ብቻውን ወደ ክፍሉ መጣ፤ ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ነጩን ክዳን ከፈተ። አንድ ማንኪያ ብቻ ሊቀምስ ነበር። ቀመሰ። የተቆላው ሰሊጥ፣ አብሹ፣ በመጨረሻም የጀርጂሩ ቁንጥጫ ተከታትለው መጡ። ለእሱ እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶለት አያውቅም። ደገመ፣ ሠለሰ። ከዚያ ሲያየው ዕቃው ጎድሏል። ጎደሎው እንዳይታወቅ ከራሱ መረቅ ጨመረበት። መረቁ ከገባ ወዲያ የአሮን ሾርባ የጾም መሆኑ ቀረ። አንዴ ከተነካካ ትንሹም ብዙውም ያው ነው ብሎ፣ ቀሪውን አረንጓዴ ወደ ሰሃን ገለበጠው፤ ባለ ነጭ ክዳኑን ዕቃ በመረቁ ሞላ፤ ቀለሙ እንዲመሳሰል ከአረንጓዴው ጥቂት ከላይ አፈሰሰበት። ሳያውቅ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም፣ ኃጢአቱ ያወቀው ላይ ነው ሲባል ሰምቶ ነበር። የአባባሉን የመጀመሪያ ግማሽ ይዞ ሁለተኛውን ተወው።

አሮን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ጸለየ፤ ሾርባውን አሞቀ። ሁለተኛው ማንኪያ ላይ ቆም አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቅባት አለው እንዴ?"

"የምን ቅባት?"

"እንጃ። የሥጋ ነገር ሸተተኝ።"

"ሰሊጡ ነው። ሰሊጥ ሲቆላ ዘይት ያወጣል።"

አሮን ማንኪያውን እንደገና አሸተተው። "ይሆናል። ጾም ሲረዝም አፍንጫም ይዋሻል" አለና በላ።

በአምስተኛውም በስድስተኛውም አርብ እንደዚሁ ሆነ። ለገሰ ሰሊጡን ጠረገ፤ ትራሱን አየ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ይባስ ብሎ መረቁ ስለቀረበት ደረጃ ሲወጣ ዓይኑ ይጨልም ጀመር። የአሮን ፀጉር ግን ማደጉን አልተወም። እንዲያውም ለገሰ ሲያየው በመረቁ የባሰ የወዛ መሰለው።

ለሆሣዕና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሰባተኛው አርብ፣ ሦስቱም ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር። ቤዛዊት ለገሰን አየችውና፣ "አንተ ግን ለምንድን ነው የማይሻልህ? ፊትህ ወረቀት መስሏል" አለችው። መልስ ሳትጠብቅ ወደ አሮን ዞረች።

"ሰሊጡስ አልበዛብህም?"

"ሰሊጡ ግሩም ነው፣ እህቴ። ዘይቱ ብቻ ... አትቀየሚኝና፣ ግማሹን ለቅዳሜ ፍሪጅ ሳሳድረው ላዩ ነጭ ሆኖ ይረጋል። እንደ ሞራ። የሰሊጥ ዘይት ሲረጋ አይቼ ስለማላውቅ ገርሞኝ ነው።"

ቤዛዊት ፊቷ ጠቆረ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።" መዘምራኑ ጠሩትና ሄደ።

ለገሰ ቆቡን ወደ ግንባሩ ሳበው። አሁን ቀና ብላ ታየኛለች፣ ካየችኝ ታውቃለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ክዳኑን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ማዳም ስትጣራ፣ በጥድፊያ ነው የምከድነው። አንተም ያልተሻለህ ለዚህ ነው፤ መረቁ ለእሱ ሲሄድ አንተ ቅጠል ስትበላ። ጾመኛ አስገደፍኩ፣ ለገሰ። ጸሎተ ሐሙስ ሊቆርብ ነው እኮ።"

"ሰው ይሳሳታል" አላት ለገሰ።

"በዚህ አይሳሳትም። እስከ ረቡዕ ድፍረት አግኝቼ እነግረዋለሁ። ከእንግዲህ ግን ለእሱ አልሠራለትም። እጄ አይታመንም።"

ነጩን ዕቃ ከፌስታሉ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ለገሰ አንድ ዕቃ ብቻ ይዞ ወደ ሻርቅ ተመለሰ። ስንት ሳምንት የተመኘው ይህንኑ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ደስታውን ጠበቀው፤ ክፍሉ ሲደርስም አልመጣም።

ቅዳሜ ደወለች፤ ድምፅዋ ሰልሎ ነበር። እሑድም ደወለች። የማዳምን ወጥ ጨው ጨምሬያለሁ አልጨመርኩም እያለች ሦስት ጊዜ ማሰብ ጀምራለች። ማዳም አሞሽ ነው ወይ ብላ ጠይቃታለች። ሰኞ ከሰዓት ያለችው ግን ለገሰን ከወንበሩ አስነሣው።

"ሳስበው ሳስበው፣ ሰኔን ብናቆየው ይሻላል። ሁለት ዕቃ ለይቼ መክደን ያቃተኝ ሰው ቤት እይዛለሁ ብዬ ነው? እናቴም ትታዘበኛለች።"

ለገሰ ነገ እደውላለሁ ብሎ ዘጋ። ለሰኔ ብሎ የሠራው ነገር ሰኔን ሊወስድበት ነው። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ተከራዮቹ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ራሱ ደወለላት።

"ቤዛ፣ ክዳኑን አላቀያየርሽም።"

"ተወኝ እስቲ። ለማጽናናት ብለህ ነው።"

"አይደለም። ሾርባውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሦስቱንም አርብ።"

ከወዲያ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

"አውቀህ?"

"አውቄ።"

"ለምን?"

ያዘጋጀው መልስ ነበረው። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ለእሱ ሰሊጥ አደረግሽለት።"

ዕቃ ስታስቀምጥ ተሰማው። "ያለ ሰሊጥ የጾም ሾርባ ውሃ ነው" አለች በመጨረሻ። "ያንተ አጥንት ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚንተከተከው። ሁለት ጊዜ እየተነሣሁ አረፋውን የምገፈው እኔ ነኝ።" ከዚያ ቀጠለች። "አርብ ዕለት ሳለቅስ አጠገቤ ቆመህ ነበር። ሰው ይሳሳታል ነው ያልከኝ።"

"አዎ።"

"ዛሬውኑ ለአሮን ንገረው። ነግረኸው ስትጨርስ ደውልልኝ።"

አሮን አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ሲገባ ለገሰ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ተከትሎት ገብቶም ሳይቀመጥ ነገረው። አሮን ነጠላውን ሊተኩስ ካውያውን ሰክቶ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ ነቀለው።

"ሦስቱንም?"

"ሦስቱንም።"

"ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ጋሼ። እኔ የጠረጠርኩት የራሴን አፍንጫ ነው።"

ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ። ለአባ ሲያወራ ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል።

"አባ ነገ ና ብለውኛል። ሐሙስ መቁረቤን እሳቸው ያውቃሉ። አንተን ይቅር ብዬሃለሁ። ከፋሲካ በኋላ ግን ሌላ ማደሪያ እፈልጋለሁ። ካንተ ጋር እህል መቅረብ አልችልም።"

ለገሰ ወደ ሕንፃው መግቢያ ወጥቶ ለቤዛዊት ደወለ። አሁንም ዕቃ እያጠበች ነበር፤ የቧንቧው ድምፅ ይሰማል። ለአሮን መንገሩንና አባ ለነገ እንደጠሩት ነገራት።

"ይቅር ብሎሃል?"

"ብሎኛል።"

ትንፋሿ ተሰማው። "እሱ ከተወልህ እኔም አልይዝብህም" አለች። "ተናድጃለሁ፤ ገና እናደዳለሁ። ግን ሳትዋሽ ነገርከኝ። ፋሲካ ይለፍና ቁጭ ብለን እናወራለን። ሰኔ ገና ነው።"

"ሰኔ ገና ነው" ያለችበት ድምፅ የድሮው ድምፅዋ ነበር። ለገሰ እሺ ብሎ መዝጋት ነበረበት። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

"አሮን ቤት ሊፈልግ ነው" አላት።

"ምስኪን። የት አገኘ?"

"ገና ነው። ባለፈው ሳባህ አል-ሳሌም በኩል ክፍል ይገኛል ሲል ሰምቼዋለሁ።"

"እና?"

"ሥራው ሻርቅ ነው። ምን አስኬደው እዚያ ድረስ?" ለገሰ ቃሉን ሊውጠው ሞከረ፤ አልዋጥ አለው። "አንቺ ነሽ የነገርሽው?"

የቧንቧው ድምፅ ቆመ።

"ምኑን?" አለች።

"እዚያ በኩል ፈልግ ብለሽው እንደሆነ ነው። ልወቅ ብዬ ነው እንጂ ..."

ቤዛዊት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ሲጠሩት የቆየ ስም መልስ ሲያጣ እንደሚተውት ያለ ድካም ነበር ድምፅዋ ላይ።

"ሰኔ ብቻዬን ነው የምሄደው" አለች። "ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ።"

"ቤዛ፣ እንዲያው ብጠይቅ ..."

"አውቃለሁ። ነገም ትጠይቃለህ። ከተጋባንም በኋላ ትጠይቃለህ። ወተት ያመጣልኝን ሰው ትጠይቃለህ።"

ከውስጥ የማዳም ድምፅ ተጣራ። ቤዛዊት፣ "ጃያ፣ ማዳም" ብላ መለሰች፤ መጣሁ ማለቷ ነው። ስልኩን አልዘጋችውም፤ የሆነ ቦታ ላይ አስቀምጣው ይመስላል። ለገሰ ጆሮው ላይ እንደያዘው መግቢያው ላይ ቆመ። እግሯ ሄደ፤ ተመለሰ። መሳቢያ ተከፈተ። ከዚያ ቢላዋ መክተፊያው ላይ ደጋግሞ ሲመታ ተሰማ፤ ቅጠል ነው፣ ድምፁ ያስታውቃል። ዓማር መኪናውን አቁሞ እጁን ሲያወዛውዝለትም አላየውም። ይህኛው ደግሞ ለማን ይሆን እያለ ያዳምጥ ነበር።